በጨረር የተመታ ሕዋስ መቼ «ሞተ» ይባላል?

ጨረር በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመረምሩ ብዙ ጥናቶች መደምደሚያቸውን የሚመሠርቱት ጨረሩ ከተሰጠ ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በኋላ በሚደረግ የኤምቲቲ ምርመራ ላይ ነው። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል። ምርመራው በቀለም ለውጥ የሚያሳየው የሕዋሱ ኢንዛይሞች መሥራታቸውን እንጂ ሕዋሱ መከፋፈል መቻሉን አይደለም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጨረር ሁለቱንም የዲኤንኤ ክሮች ሲበጥስ ሕዋሱ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይሞትም፤ ክፍፍሉን ለጊዜው ገትቶ ስብራቱን ለመጠገን ይሞክራል። ጥገናው ሳይሟላ ወደ ክፍፍል ከገባ ግን ክሮሞሶሞቹ በትክክል ሊለያዩ ስለማይችሉ፣ አንድ ወይም ጥቂት ጊዜ ተከፋፍሎ ሊሞት ይችላል። አንዳንዱም መከፋፈሉን አቁሞ እያበጠ ግዙፍ ሕዋስ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሕዋስ በኤምቲቲ «ሕያው» ተብሎ ይመዘገባል፤ ዘር ግን አይተካም።

ቲዎዶር ፐክና ፊሊፕ ማርከስ እ.ኤ.አ. በ1956 ያነሡት ጥያቄ ወደ ነጥቡ የቀረበ ነበር፦ ከጨረር የተረፈ አንድ ነጠላ ሕዋስ ኮሎኒ መመሥረት ይችላልን? ሄላ የተባሉትን የማኅፀን በር ካንሰር ሕዋሳት በኤክስሬይ መትተው፣ የበቀሉትን ኮሎኒዎች በመቁጠር መጠኑ ሲጨምር የተራፊዎቹ ቁጥር እንዴት እንደሚቀንስ አሳዩ። ዛሬም በተለምዶ ኮሎኒ የሚባለው ቢያንስ 50 ሕዋሳት ያሉት፣ ማለትም ከ5 እስከ 6 ዙር ክፍፍል ያለፈ ስብስብ ነው።

ዘዴው ያለ ችግር አይደለም። ኮሎኒ የማይሠሩ የሕዋስ ዓይነቶች አሉ። ቆጠራውም ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጠይቃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቤተ ሙከራ ኢንኩቤተርን ይህን ያህል ጊዜ በ37 ዲግሪ ማቆየት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ይሁንና ለቆጠራው ውድ የንባብ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ክሪስታል ቫዮሌት ማቅለሚያና ትዕግሥተኛ ዓይን ይበቃሉ።

ጉዳዩ የአሠራር ምርጫ ብቻ አይደለም። ከጨረር ሕክምና በኋላ ዕጢን መልሶ የሚያሳድገው መከፋፈል የሚችል ተራፊ ሕዋስ ነው። ስለዚህ አንድ ውህድ የጨረርን ኃይል ያጎላል ብሎ የሚደመድም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሕዋሱ ኮሎኒ የሚሠራ እስከሆነ ድረስ የኮሎኒ ቆጠራ እንዲያቀርብ አማካሪዎችና ፈታኞች ሊጠይቁ ይገባል። ኤምቲቲ ለቅድመ ማጣሪያ ያገልግል፤ ፍርዱ ግን ለክፍፍል ይተው።