ርዕሰ አንቀጽ፦ የዕቃ ቤታችን ቋሚ ድንጋይ ይፈልጋል



የእድራችን ዕቃ ቤት ዘንድሮም መነጋገሪያ ሆኗል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ያለው እዚያ ነው። ሐዘን ሲደርስ ቀድሞ የሚከፈተው የሱ በር ነው። አሁን የጀርባው ግድግዳ ጎብጧል፤ ሁለት ቋሚዎችም ከሥር በስብሰዋል። ገሚሱ አባል «ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ «ሲሚንቶ ይለሰንና ይለፍ» ይላል። ከመወሰናችን በፊት ቤቱ በምን እንደቆመ እንወቅ።

የጭቃ ቤት የቆመው በጭቃው አይደለም። ጣራውን የተሸከሙት ቋሚዎቹ ናቸው፤ ማገሩ ያያይዛቸዋል፤ ጭድ የገባበት ምርጊት ብርድና ነፋስ ይከለክላል። ምርጊት ቢረግፍ ቤት አይወድቅም። የቋሚው እግር ሲበላ ነው ጣራ የሚዘመው። እግሩ የሚበላውም አፈር ውስጥ ስለተቀበረ ነው፤ እርጥበቱም ምስጡም የሚያገኘው እዚያው ነው። ጥድ ጥቂት ይታገሣል፤ ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ እጅ ይሰጣል።

«እንጨት ምን ዕድሜ አለው?» የሚል አይጠፋም። በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተምዕራብ፣ ሃርመንድስዎርዝ በሚባል መንደር አንድ ትልቅ የእህል ጎተራ አለ። የተሠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1426 ገደማ ነው። ርዝመቱ 58 ሜትር ያህል ሲሆን የተዋቀረው ኦክ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ነው። አብዛኛው እንጨት እስከ ዛሬ ያው የጥንቱ ነው። ምስጥ እንደኛ አያስቸግራቸውም፤ ዝናብ ግን አይቀርላቸውም። ታዲያ በምን ቆየ? ትልልቆቹ ቋሚዎች አልተቀበሩም፤ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጡት። ያልተቀበረ ቋሚ እንዳያዘነብል ደግሞ ከላይ በአግዳሚና በሰያፍ እንጨት ተያይዟል፤ መጋጠሚያው ተፈልፍሎ በእንጨት ችንካር ታስሯል።

እሱም ቢሆን ጠባቂ አጥቶ ተጎድቶ ነበር። በ2012 የአገሩ የቅርስ ድርጅት በ20,000 ፓውንድ ገዝቶ አስጠገነው፤ ለጎብኚ የሚከፍቱት ግን የአካባቢው ፈቃደኛ ሰዎች ናቸው። ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ሰውም ነው ያቆየው ማለት ነው።

እንግዲህ የኛም ቤት መፍረስ የለበትም እንላለን። ብሎኬት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለሐዘንተኛ የተቀመጠ ገንዘብ ይበላብናል። ሲሚንቶ መለሰኑ ደግሞ ጭራሽ ይጎዳል፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነውና እንጨቱ ሳናየው ይበሰብሳል።

መደረግ ያለበት ይሄ ነው። አንደኛ፣ ጣራው በድጋፍ ይያዝ። ሁለተኛ፣ የበሰበሰው የቋሚ እግር ተቆርጦ በምትኩ የድንጋይ መሠረት ይግባ፤ ቋሚውም በሰያፍ እንጨት ይጠፈር። ሦስተኛ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረው አፈር ይነሣ፤ የውሃ መውረጃ ቦይም ይቆፈር። በመጨረሻ በጭቃ ይመረግ።

ሥራው ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት። አናጺ የሆናችሁ እጃችሁን፣ ድንጋይ ያላችሁ ድንጋያችሁን፣ እናቶች ምክራችሁን አትንፈጉን። ጉልበት ያለው ወጣት ሁሉ ደግሞ አካፋውን ይዞ ይምጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ክረምቱ ገብቶ ግድግዳው ከወደቀ በኋላ ድንኳኑን ከጭቃ ውስጥ ብንጎትት ለማንም አይበጅም።

የማኅበሩ ጸሐፊ