ኳሷን ለታናሿ የሰጠች አምበል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ቡና ጠርታን ተሰብስበን ነበር። ጎረቤቴ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ፣ አራት ልጆች የምታሳድግ ብርቱ ሴት ናት። ቶናው ተቀድቶ ጨዋታው ሞቅ ሲል እርስዋ ግን ስኒዋን እንደያዘች ዝም ብላ ቆየችና የመጀመሪያ ልጇን ነገር አነሳች።

ልጅቷ 16 ዓመቷ ሲሆን የትምህርት ቤቷ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አምበል ናት። ቡድኑ በዚህ ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ልጅቷም በተሸነፉ ቁጥር ራት ሳትበላ ትተኛለች፤ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው እያለች ታለቅሳለች፤ ይባስ ብላ ባለፈው ሳምንት ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ሳለ ለማንም ሳትናገር ካልሲዋን አጥብቃ ገብታ ተጫወተች። «እስቲ ምን ላድርጋት? ላስተዋት ወይስ ልተዋት?» አለች ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞራ።

ከመካከላችን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት «ድሮስ ኳስ ለሴት ልጅ ምን ይበጃታል?» አሉ። ሌላዋ ደግሞ ልጅቷን አደነቀቻት፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ኃላፊነት የሚሰማት ልጅ የት ይገኛል ስትል ተከራከረች። እኔ ግን ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም። የስፖርት አዋቂ ነኝ አልልም፤ ዕውቀቴ ባለቤቴ ጨዋታ ሲከታተል አጠገቡ ተቀምጬ ሹራብ እየሠራሁ ያየሁት ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሹራብ ሥራ መካከል ልቤን የሳበችው አንዲት ተጫዋች ነበረች። ቤቴ ከገባሁ በኋላም የእርስዋ ታሪክ ሲመላለስብኝ አመሸ።

ይህች ሴት የካናዳ ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረችው ክሪስቲን ሲንክሌር ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሲንክሌር በ1983 በርነቢ በምትባል የምዕራብ ካናዳ ከተማ ተወለደች። እናቷ የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ነርቮች ቀስ በቀስ የሚጎዳ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለ በሽታ ይዟቸው ለብዙ ዓመታት ሲሠቃዩ ኖረው በ2022 አረፉ። ልጅቷ ለአገሯ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በመጋቢት 2000፣ በ16 ዓመቷ ነው፤ በጎረቤቴ ልጅ ዕድሜ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ 331 ጊዜ ተጫውታ 190 ግቦች አስቆጠረች። ለብሔራዊ ቡድኑ ይህን ያህል ግብ ያገባ ሰው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ግብ ያገባች ሴት የምትመራው ቡድን ሁልጊዜ አሸናፊ ነበር ብለው የሚያስቡ አንባቢያን ይኖራሉ። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም።

በሰኔ 2011 የዓለም የሴቶች ዋንጫ በጀርመን አገር ሲደረግ ካናዳ የመክፈቻውን ጨዋታ በርሊን ላይ ከባለቤቷ አገር ጋር ገጠመች። ስታዲየሙ ከ73 ሺህ በሚበልጥ ተመልካች ተሞልቷል። በጨዋታው መካከል የአንዲት ጀርመናዊት ተከላካይ ክርን የሲንክሌርን አፍንጫ መታውና ሰበረው። ሐኪሞቹ ትውጣ ቢሉም አምበሏ አሻፈረኝ ብላ ተመለሰች። በ82ኛው ደቂቃም ያንኑ የተሰበረ አፍንጫ ይዛ በቅጣት ምት ድንቅ ግብ አስቆጠረች። ጀርመኖች በዓለም ዋንጫ ላይ ከ2003 ጀምሮ ግብ ገብቶባቸው አያውቅም ነበር። ጨዋታው ግን በጀርመን 2 ለ 1 አሸናፊነት አለቀ። ሲንክሌር በሁለተኛው ግጥሚያ ፊቷን በመከላከያ ጭንብል ሸፍና ገባች፤ ፈረንሳይ 4 ለ 0 አሸነፈቻቸው። በሦስተኛው ናይጄሪያ 1 ለ 0 ረታቻቸው። ከ16ቱ ቡድኖች ካናዳ 16ኛ ሆና ወደ አገሯ ተመለሰች።

ስለ ሲንክሌር ጀግንነት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ይኸው አፍንጫ ነው። በእኔ አስተያየት ግን የአምበልነቷ ቁም ነገር እዚያ ላይ አይደለም። አፍንጫው ሲሰበር ለመጫወት መወሰኗ ድፍረቷን ያሳያል፤ ቡድኑን ግን ከመጨረሻው ደረጃ አላነሳውም። እንዲያውም አንዲት ሰው ብቻዋን እስከ የት ድረስ ልትሸከም እንደምትችል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እንደማትችል የሚያሳይ ታሪክ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ያበጠ ቁርጭምጭሚት ትዝ ያለኝም በዚህ ምክንያት ነው።

በዓመቱ ለንደን ላይ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ቡድኑ በአዲስ አሠልጣኝ፣ በጆን ሄርድማን እየተመራ ቀረበ። በግማሽ ፍፃሜው ከአሜሪካ ጋር ሲጋጠሙ ሲንክሌር ብቻዋን ሦስት ግቦች አገባች። አሁንም አልበቃም። በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ ላይ አሜሪካኖች አራተኛውን አግብተው 4 ለ 3 አሸነፉ። ከጨዋታው በኋላ አምበሏ በዳኛዋ ላይ በተናገረችው ቃል ምክንያት የዓለም እግር ኳስ ማኅበር አራት ጨዋታ እንዳትሰለፍ ቀጥቷታል፤ ይህንም አልደብቅም፤ ሰው ናት፤ ትቆጣለች። ከሦስት ቀን በኋላ በተደረገው የነሐስ ሜዳሊያ ግጥሚያ ግን ፈረንሳይን የረታችው ግብ የሲንክሌር አልነበረችም። ዲያና ማቲሰን የምትባል ቁመቷ አጭር አማካይ ናት በባከነ ሰዓት ያገባችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። በመጀመሪያ እብጠቱን አየሁት። እንዲህ ያለ እብጠት በጤና ባለሙያ ሳይታይ፣ መርገጥም ሳያም ደህና ሳይሆን ሜዳ መግባት ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ ሰኞ ጧት ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ከእናቷ ጋር ተስማማን። ከዚያ በኋላ ጨዋታ ጨዋታ እያልኩ ጠየቅኋት።

«ቅጣት ምት የሚመታው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«የማዕዘን ምትስ?»

«እኔ።»

«ፍፁም ቅጣት ምትስ ቢገኝ?»

«እሱንማ አምበል ነው የሚመታው!» አለችኝ በመገረም፣ ይህንም አታውቂም እንዴ በሚል ዓይን እያየችኝ። ቀጥላም ለበረኛዋ ኳስ አቀባዩ፣ ለተከላካዮቹ ቦታ አሳዩ፣ ማሊያ ሰብሳቢና አጣቢም ራሷ መሆኗን ነገረችኝ። «እነሱ አይችሉም፤ ያበላሹታል» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

እናቷ በዚያች ሰዓት ጓዳ ውስጥ እንጀራ ትጋግር ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ተኝታ ነው ምጣዱ ዘንድ የተቀመጠችው። ልጅቷ ለምን እንደማታግዛት ቀደም ብዬ ስጠይቃት «ሊጡን ታባክነዋለች፤ እኔው ብሠራው ይሻላል» ብላኝ ነበር። ልጅቷ አመሏን ከየት እንዳመጣችው ያን ጊዜ ገባኝ። ለእናቲቱ ግን በዚያን ቀን ምንም አላልኳትም፤ ሌሊት የሠራች ሴት እንዲህ ያለ ነገር በጭስ መካከል መስማት አይገባትም።

ለልጅቷ ከሲንክሌር ታሪክ የነገርኳት ከ2019 በኋላ ያለውን ነው። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ካናዳ በጥሎ ማለፉ ከስዊድን ጋር ስትጫወት 1 ለ 0 እየተመራች ፍፁም ቅጣት ምት አገኘች። ሲንክሌር ራሷ መምታት ትችል ነበር። ነገር ግን ጃኒን ቤኪን ትመቺያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ቤኪም እሺ ብላ መታች። በረኛዋ አዳነችባት። ካናዳ ተሸንፋ ከውድድሩ ወጣች።

«አየሽ!» አለችኝ ልጅቷ ፈጥና። «አላልኩሽም? ራሷ ብትመታው ይሻል ነበር።»

አንድ ጊዜ ሊጥ የባከነበት ሰው ዳግመኛ ምጣዱን ለሌላ አያስነካም፤ እኛ እናቶች ይህን እናውቃለን። ሲንክሌር ግን እንዲያ አላደረገችም። በ2020 መደረግ የነበረበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ በኮቪድ ምክንያት ተላልፎ በ2021 ሲካሄድ 38 ዓመቷ ነበር። በሩብ ፍፃሜው ካናዳና ብራዚል ያለ ግብ ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሲያመሩ አምበሏ የመጀመሪያዋን ምት ራሷ ልትመታ ወጣች። ሳተች። ሳተች ከምል የብራዚሏ በረኛ አዳነችባት ማለቱ ይሻላል። ከእርስዋ በኋላ የመጡት አራት ተጫዋቾች ግን አንዳቸውም ሳይስቱ አገቡ፤ በረኛዋ ስቴፋኒ ላቤም ሁለት አዳነች፤ ካናዳም 4 ለ 3 አለፈች። አምበሏ የጎደለችውን ታናናሾቿ ሞሉት።

ከሦስት ቀን በኋላ በግማሽ ፍፃሜው የተገናኙት ከአሜሪካ ጋር ነው። ካናዳ ይህን ቡድን ለ20 ዓመታት ያህል አሸንፋው አታውቅም። ጨዋታው አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው ካናዳ ፍፁም ቅጣት ምት አገኘች። ሲንክሌር ኳሷን አነሳች። ሁሉም ራሷ ትመታዋለች ብሎ ሲጠብቅ ጄሲ ፍሌሚንግ ወደምትባለው የ23 ዓመት አማካይ ሄዳ ኳሷን በእጇ አስጨበጠቻት። ፍሌሚንግ መታች፤ ገባች። ካናዳ 1 ለ 0 አሸነፈች።

እዚህ ላይ ልጅቷ ዝም አለች። እኔም ነገሩ ተረት እንዳይመስላት ብዬ የኋላውን ጨመርኩላት። በ2023 መጀመሪያ ተጫዋቾቹ ከፌዴሬሽናቸው ጋር ስለ ክፍያና ከወንዶቹ ቡድን ጋር ስለ እኩል አያያዝ ተጣልተው ሥራ አቁመው ነበር፤ ፌዴሬሽኑ በሕግ እንደሚጠይቃቸው ሲያስፈራራቸው ተቃውሟቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ተመለሱ። በመጋቢት ወር ሲንክሌርና ሦስት ባልደረቦቿ በአገሪቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ምስክርነት ሰጡ። ያ ዝምተኝነቷ የታወቀ አምበል ስለ ሥራዋ ዋጋ በሕዝብ ፊት ተናገረች ማለት ነው። ይሁንና በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ስትጫወት የመታችውን ፍፁም ቅጣት ምት በረኛዋ አዳነችባት። ዕድሜዋ 40 ነበር። በሚቀጥለው ጨዋታ ተቀያሪ ሆና ተቀመጠችና ከዕረፍት በኋላ ገባች። በመጨረሻው ደግሞ አውስትራሊያ 4 ለ 0 አሸንፋ ካናዳን ከምድቧ ሳታልፍ አስቀረቻት። በታኅሣሥ ወር ቫንኩቨር ላይ የመጨረሻ ጨዋታዋን አድርጋ ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተች። በሚቀጥለው ዓመት አምበል ሆና የተሾመችው ያቺ ኳሷን የተቀበለችው ፍሌሚንግ ናት።

«የቶኪዮውስ ዋንጫ?» አለችኝ ልጅቷ። «ወሰዱት?»

ፍፃሜው ዮኮሐማ ላይ ከስዊድን ጋር ነበር። ስዊድን ቀድማ አገባች። በሁለተኛው አጋማሽ ሲንክሌር በቅጣት ክልል ውስጥ ተጠልፋ ወደቀች፤ ፍፁም ቅጣት ምቱን አሁንም ፍሌሚንግ መትታ አገባችና 1 ለ 1 ሆኑ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አምበሏ ተቀይራ ወጣች። ተጨማሪው ሰዓትም አልለያቸውም፤ ወደ መለያ ምት ሄዱ። የወርቅ ሜዳሊያውን ለካናዳ ያስገኘችውን የመጨረሻ ምት የመታችው ጁሊያ ግሮሶ የምትባል የ20 ዓመት ወጣት ናት።

«ታዲያ አምበሏ የት ነበረች?»

«ከሜዳው ውጪ ሆና ታይ ነበር።»

«ምንም ሳታደርግ?»

«ምንም ሳታደርግ። ግሮሶ የተወለደችው በነሐሴ 2000 ነው። ሲንክሌር ለመጀመሪያ ጊዜ የካናዳን ማሊያ ስትለብስ ያቺ ልጅ ገና በእናቷ ማኅፀን ውስጥ ነበረች።»

ልጅቷ እግሯን ከበርጩማው ላይ አውርዳ ጥቂት አሰበች። እናቷም የጋገረችውን ሞሰብ ላይ አኑራ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጠን ነበር ለካ። «እኛ ጋ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለች» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «በግራ እግሯ በጣም ትመታለች። ግን ትፈራለች፤ ኳሱ ሲመጣላት ወዲያው ለእኔ ነው የምትሰጠኝ።»

«የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ ነው?» አልኳት።

«ዓርብ። እኔ በእግሬ ምክንያት አልሰለፍም መሰለኝ» አለችና ወደ እናቷ ተመለከተች። «ማሊያውን ግን እሷ ቤት ልላክላት፤ ትጠበው?»