ሕፃናትን በእጃቸው ስለ ማስተማር

ሬዲዮ ፈታ፤ የግድግዳ ሰዓት ከፍቶ አየ፤ የእናቱን የልብስ ስፌት መኪና መዘውር አዙሮ ክሩን አወሳሰበ ተብሎ የሚገረፍ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ዕቃው በገንዘብ የተገዛ ነውና ወላጅ በመቆጣቱ አይፈረድበትም። ነገር ግን ልጁ ሬዲዮውን የፈታው በውስጡ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ለማየት እንጂ ለማጥፋት እንዳልሆነ የሚጠይቅለት ስለሌለ፣ በዚያች ቀን ከቤቱ የሚጎድለው የሬዲዮው ዋጋ ብቻ አይደለም። «ሁለተኛ እንዳትነካ» የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን በጆሮው ይቀራል። አድጎ ተማሪ ቤት በገባ ጊዜም ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት በደብተሩ ይጽፋል እንጂ እጁን ወደ ሽቦው ለመዘርጋት አይደፍርም።

ልጆቻችን ያለ አስተማሪ የሚሠሩትን ሥራ አስተውሎ ለተመለከተ ሰው ግን ነገሩ የሚያስደንቅ ነው። በገጠር ያለው እረኛ ከማሽላ አገዳ መነጽርና ጋሪ ይሠራል፤ ከወንዝ ዳር ጭቃ አቡክቶ ቀንዱ የተቃና በሬ ያበጃል። በፀሐይ ሲያደርቀው የተሰነጠቀበት እንደ ሆነ በማግስቱ ከጭቃው ጋር ጭድ ይጨምርበታል። ይህን ብልኃት ማንም አላስተማረውም፤ ቤት ሲመረግ ቆሞ አይቶ ያገኘው ነው። የከተማው ልጅ ደግሞ ከሽቦ መኪና ይሠራል። ጎማው ቆርኪ ወይም የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነው፤ ረጅሙ ሽቦ መሪ ሆኖ የፊቱን እግር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞረዋል። ጣውላ በኩሽኔታ ላይ አጋድሞ ቁልቁለት የሚወርደውም ልጅ ኩሽኔታው ሲደርቅ ግራሶ እንደሚሻ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የፊዚክስ መጽሐፍ ይህንኑ ነገር «ሰበቃ» ብሎ እስኪያስተምረው ድረስ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ደግሞም እነዚህ ልጆች ስሕተታቸውን የሚያርሙት በማንም ተግሣጽ አይደለም። ጎማው ጠማማ ከሆነ መኪናው ራሱ አልሄድም ይላል። ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ቀይ እስክሪፕቶ አያስፈልገውም።

ሌላው ዓለም ይህን የልጆች ሥራ ከጨዋታ ሜዳ አንሥቶ ወደ ክፍል ያስገባው ዛሬ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 በብላንከንቡርግ ከተማ የሕፃናት መማሪያ ሲከፍት፣ ለልጆቹ ያቀረበላቸው የሱፍ ኳስ፣ ከእንጨት የተሠራ ድቡልቡልና ተቆራርጦ እንደገና የሚገጣጠም ባለ ስድስት ገጽ እንጨት ነበር። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪም እ.ኤ.አ. በ1907 ሮማ ውስጥ ሳን ሎሬንሶ በሚባለው የድኾች ሰፈር ቤት ከፍታ፣ ወላጆቻቸው ለሥራ የሚውሉባቸውን ልጆች ሰበሰበች። ልጆቹ ቁልፍ መቆለፍን፣ ውኃ ከማሰሮ ወደ ማሰሮ መገልበጥን፣ እንጨቱን በልኩ ቀዳዳ መክተትን ይሠሩ ነበር። ሞንቴሶሪ ያስተዋለችው ነገር ቢኖር፣ ሕፃናቱ ከአሻንጉሊት ይልቅ እውነተኛ ሥራ የሚሠራበትን ዕቃ መምረጣቸው ነበር። በጓዳ እናቱ ሽንኩርት ስትልጥ «እኔም ልላጥ» እያለ የሚያለቅስ ልጅ ያለው አንባቢ ይህን ለማመን ሮም ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ከሁሉ ይልቅ ለኛ ዘመን የሚጠቅመው ግን የሲሞር ፓፐርት ነገር ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1928 በደቡብ አፍሪካ፣ በፕሪቶሪያ ከተማ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነበር። በልጅነቱ የመኪና ጥርሳም መዘውሮችን፣ ይልቁንም ዲፈረንሻል የሚባለውን ክፍል እጅግ ይወድ እንደ ነበረና የማባዛትን ሒሳብ የተረዳው መዘውሮቹን በልቡ እያዞረ እንደ ሆነ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል። በጄኔቫ ከታወቀው የሕፃናት አእምሮ ተመራማሪ ከዣን ፒያዤ ጋር ሠርቶ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ከወይዘሮ ሲንቲያ ሰለሞንና ከአቶ ዋሊ ፎርዛይግ ጋር ሎጎ የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ለልጆች አወጡ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ አዋቂ ብቻ የሚቀርበው መሣሪያ ስለ ነበር አሳቡን እንደ ቀልድ የቆጠሩት ጥቂት አልነበሩም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ብዕር የተሸከመች፣ በወለል ላይ የምትሄድ የኤሊ ቅርጽ ያላት መሣሪያ ተሠራች። ልጁ «መቶ ሂጂ፤ ዘጠና ወደ ቀኝ ዙሪ» ብሎ ሲያዝዛት ትታዘዘዋለች፤ ትእዛዙን አራት ጊዜ ቢደጋግም ባለ አራት ማዕዘን ሥዕል በወረቀቱ ላይ ይወጣል። ክብ ለመሣል የፈለገ ልጅ ግን ማሰብ አለበት። ፓፐርት መልሱን በመንገር ፈንታ «አንተ ራስህ ኤሊ ሆነህ ዙር» ይላል። ልጁ ተነሥቶ ጥቂት ይራመዳል፤ ጥቂት ይዞራል፤ ደግሞ ጥቂት ይራመዳል፤ ክብ ማለት ይኸው መሆኑን በእግሩ ይረዳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መሣሪያው ልጁን አላዘዘውም፤ ልጁ መሣሪያውን አዘዘው።

በኛም አገር አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት፣ ተማሪ ቤት ባልነበረባቸው የወንጪና የወለንጪቲ መንደሮች ለሕፃናት ታብሌቶች በታሸገ ሣጥን አደረሰ፤ ኃይሉ ከፀሐይ ነበር፤ አስተማሪ አልተላከም። ሕፃናቱ ሣጥኑን ከፍተው፣ ማብሪያውን ፈልገው አግኝተው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ፎቶግራፍ ማንሻ ሳይቀር ማስከፈታቸውን የድርጅቱ ሰዎች በአድናቆት ተናገሩ። የልጆቹን ብልኃት በበኩላችን አንጠራጠርም። ከዚህ ተነሥቶ ሕፃንና መሣሪያ ብቻ ከተገናኙ አስተማሪ አያስፈልግም ወደሚል አሳብ የሚያዘነብለውን ግን አንቀበልም። ዛሬ በየቤቱ ስልክ ይዞ የሚውለው ሕፃን መሣሪያ አላጣም፤ የሚሠራው ሥራ ነው ያጣው። ሌሎች የሠሩትን ሥዕል ከማየት ሌላ በእጁ የሚወጣ ነገር የለም።

ስለ ድህነትም የሚነሣ ምክንያት አለ። በማላዊ፣ በካሱንጉ አውራጃ ዊልያም ካምኳምባ የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በ1994 ዓ.ም. ገደማ በረኃቡ ጊዜ የትምህርት ቤት ክፍያ ስላጣ ከትምህርቱ ተለየ። በሰፈሩ ካለች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሶ፣ እንግሊዝኛውን በደንብ ስለማያነብ ሥዕሉን እየተመለከተ፣ ከአሮጌ ብስክሌት፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከባሕር ዛፍ እንጨት በነፋስ የሚዞር መብራት ሠራ። ሲለቅም ያዩት ሰዎች አብዷል ይሉት ነበር። በኛም ሰፈር ቢሆን ከዚህ የተለየ አይሉትም።

ምክንያቱም ከድህነት ይልቅ የሚከብድ አንድ ነገር አለብን። እጅ ሥራን የናቅነው እኛው ነን። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በክፉ ስም መጥራት በቤታችን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ልጅ ደግሞ ይሰማል። አባቱ የቧንቧ ሠራተኛውን እንዴት እንዳናገረው ሰምቶ ያደገ ልጅ፣ መፍቻ መያዝ ለማን እንደሚገባ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

በመዋዕለ ሕፃናቱ ያለው ሁኔታም ከዚህ አስተሳሰብ የራቀ አይደለም። በብዙዎቹ ዘንድ የአራት ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኤ ቢ ሲ ዲ ሲገለብጥ ይውላል። ወላጅም ማታ ደብተሩን ገልጦ የተጻፈውን ገጽ ይቆጥራል፤ ገጹ ያነሰ እንደ ሆነ «ልጄ ዛሬ ምን ተማረ?» ብሎ ይቆጣል። ልጁ ዛሬ ጠዋት ከጣውላና ከድንጋይ ሚዛን ሠርቶ እንደ ሆነ ግን በደብተሩ ላይ አይታይም። በከፍ ያሉት ክፍሎች ደግሞ የእጅ ሥራ አምጡ በተባለ ጊዜ ከገበያ የተገዛ ሰፌድ ወይም መጥረጊያ ይዞ መምጣት የተለመደ ነበር፤ ማርኩን ያገኘው የእናቲቱ ቦርሳ ነው ማለት ይቻላል።

እኛ የምናሳስበው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በየመዋዕለ ሕፃናቱና በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ ባሉት የቅድመ አንደኛ ክፍሎች አንድ የሥራ ሣጥን ይቀመጥ። ጭቃና አገዳ በነጻ ይገኛል። ቆርኪ፣ ክር፣ ካርቶን፣ ሽቦ፣ ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የወጣ ትልቅ ማግኔት፣ ጥቂት የባትሪ ድንጋይና የባትሪ አምፖል ይጨመርበት።

አንዱን ትምህርት ለምሳሌ እንናገር። ለአምስት ልጆች አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ አምፖልና አንድ ስንዝር ሽቦ ተሰጥቶ «አብሩት» ይባሉ። አብዛኞቹ መጀመሪያ አምፖሉን በድንጋዩ ራስ ላይ ብቻ ያስነኩታል፤ አይበራም። መምህርቷ በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ይገባታል፤ ከሥራዋ ሁሉ የሚከብዳት ይኸው ነው። ቆይቶ አንዱ ልጅ ሽቦውን ከድንጋዩ ሥር አንሥቶ ወደ አምፖሉ ጎን ሲመልሰው ይበራል። ኃይሉ የወጣው ዞሮ መመለስ እንዳለበት ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያያል። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ማቆም አይቻልም፤ በመሐል ሳንቲም፣ ማንኪያ፣ እንጨት፣ የጫማ ማሰሪያ እያስገቡ የትኛው እንደሚያሳልፍ ይፈትናሉ። የዛሬው ባትሪ ነጭ ኤል ኢ ዲ ያለው ከሆነ በአንድ ድንጋይ አይበራም፤ ሁለት ይሻል፤ ተገልብጦ ከተያያዘም አይበራም። ይህም ሌላ የአንድ ቀን ጥያቄ ነው። ስሙን በኋላ ክፍል ያገኙታል።

አደጋ የለውም አንልም። ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚያገናኝ ሥራ ፈጽሞ አይኑር። የድንጋዩ ሁለት ጫፍ ያለ አምፖል በሽቦ ከተገናኘ ሽቦው ይፋጃል፤ የሞባይል ባትሪ ቢበሳ እሳት ያስነሣል። እንደ ሳንቲም ያለችው የሪሞት ባትሪ ከሣጥኑ ትውጣ፤ ሕፃን ከዋጣት በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለችና ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ጥቃቅን ማግኔትም እንደዚሁ፤ ሁለት የተዋጡ እንደ ሆነ በአንጀት ውስጥ ተሳስበው ይጎዳሉ።

ሽቦ በእጇ ይዛ የማታውቅ መምህርት ይህን አስተምሪ ብትባል ትፈራለች፤ ፍርሃቷም የሚገባ ነው። ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛዎች ዕጩ መምህራኑን ራሳቸውን ወለል ላይ አስቀምጠው አምፖሉን እንዲያበሩ ያድርጓቸው። በየሰፈሩም ረዳት አለ። ሬዲዮ ጠጋኙ፣ አናጢው፣ ሸክላ ሠሪዋ እናት በወር አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ወደ ክፍል ቢጠሩ፣ መምህርቷም በልጆቹ ፊት ተነሥታ «እንኳን ደኅና መጡ፤ ይቀመጡ» ብላ ብትቀበላቸው፣ ልጆቹ የሚያዩት ጭቃው እንዴት እንደሚሽከረከር ብቻ አይሆንም።

ስለ ሣጥኑ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በርዳታ የመጣ የላቦራቶሪ ዕቃ እንዳይሰበር ተብሎ ተቆልፎበት፣ ዐሥር ዓመት አቧራ ጠጥቶ የቀረባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። የሥራው ሣጥን የግድ የሚቆለፍ ከሆነ ቁልፉ ከርእሰ መምህሩ ኪስ ሳይሆን ከመምህርቷ ዘንድ ይሁን።