ሙገሳን ለሙሾ አናቆየው

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ። እናታችሁን ፊት ለፊት «ኮርቼብሻለሁ» ብላችኋት ታውቃላችሁ? እሱ ከብት ጥበቃ ላይ ቀርቶ እናንተን ያስተማረውን ታላቅ ወንድማችሁንስ «አያ፣ አንተ ባትኖር እዚህ አልደርስም ነበር» ብላችሁታል? አላላችሁም። እኔም አላልሁም። ታዲያ በየስብሰባው «ጀግናው ሕዝባችን» እየተባለ ስናጨበጭብ፣ ለመሆኑ ይህ ሕዝብ ማነው? ስም የለውም? ቤት የለውም?

«የኛ ሰው ማመስገን አያውቅም» የሚለኝ ካለ ግን አልስማማም። ቢቸና ወይም ሞጣ ለቅሶ የደረሰ ሰው ይመስክር። አልቃሿ የሟቹን እርሻ፣ ደግነቱን፣ የአያት የቅድመ አያቱን ወግ አንድ በአንድ ስታነሣው ድንጋይ ታስለቅሳለች። የማይሰማት ሟቹ ብቻ ነው! ዕድሜ ልኩን የተነፈገውን ቃል አፈር ሲለብስ ያዘንቡለታል።

የበላይ ዘለቀን ነገር ተመልከቱ። አባ ኮስትር በአምስቱ የወረራ ዓመታት ቢቸናና አካባቢው ላይ ጣሊያንን ሲያስጨንቅ የኖረ አርበኛ ነው። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ደጃዝማች ቢባልም፣ በዐመፅ ተከሶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ደግ ተደርጓል። ግን እሱ ይህን አልሰማም።

«ልጅን በፊቱ ካመሰገኑት ይባልጋል፤ ዓይን ይገባበታል» ይሉናል። እሺ፣ የቅኔ መምህሮቻችንስ? ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩበት ደብረ ዲማ ጊዮርጊስ እዚያው ቢቸና አውራጃ ይባል በነበረው አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ፣ ሌሊቱን ሲቆጥር ያደረውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ያቀርባል። ከጎደለ ይታረማል። ከተሳካለት «ይበል!» ይባላል፤ በፊቱ፣ በጓደኞቹ መካከል፣ ጮክ ተብሎ። በዚህ የባለገ ተማሪ የታለ? ይልቅስ ለነገው የበለጠ ይተጋል። ደግሞስ የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሕዝብ አይደለንም እንዴ? ድግሱን በቁሙ መብላት የሚያውቅ ሰው ምስጋናውን በቁሙ መስማት ለምን ይከለከላል?

ውዳሴ ከንቱ አብዙ ማለቴ አይደለም። ውዳሴ ከንቱማ ሞልቶናል፤ ሹም ፊት፣ ማርክ የሚሰጠን ሰው ፊት አንደበታችን ማር ነው። የምንሰስተው ለሚወዱን ሰዎች ብቻ ነው።

ነገሩ ቀልድ ያልሆነበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እታለም፣ ታላቅ እኅቴ፣ ካላመጡት አንዷ ናት። ውጤቱ የተሰማ ዕለት ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። አባቴ ሳይናገር ተኛ። ጎረቤት እንዳላየ አለፈ። «አይዞሽ፣ እስከዚህ መድረስሽ ራሱ ያኮራል» ያላት አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። በሳምንቱ ቢቸና ገበያ ጤፍ መሸጥ ጀመረች።

በዓመቱ እኔ አለፍሁ። ዶሮ ታረደ። ወጡን የሠራችው እሷ ናት። መናኸሪያ ድረስ የበሶውን ከረጢት ተሸክማ የሸኘችኝም እሷ ናት። በሶው የተገዛው በጤፉ ትርፍ ነበር። እኔ ምን አልሁ? «በቃ፣ ተመለሽ፣ ይመሽብሻል።»

ከሞጣ ወዲህ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በጣሊያን ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. እስኪጠገን ድረስ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ ነበር የሚሻገረው። ከወዲህ ይለቁለታል፣ ከወዲያ ይስቡታል፤ ከሥር ዓባይ ነው። እዚህ ግቢ የደረስን ሁሉ እንዲያ ተስበን ነው የተሻገርነው። ተሻግረን ግን የሳበንን ዞር ብለን አላየንም። «በጥረቴ ነው» እያልን እንፎክራለን። ይህ ውለታ ቢስነት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት አፌን ለመፍታት ለእታለም ደወልሁ። «እታለም፣ ኮርቼብሻለሁ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ» አልኋት።

ዝም አለች። ከዚያ፦ «ምን ሆንህ? አሞሃል?»

የደረስንበትን አያችሁት? ሰው ሲመሰገን የሚሰማው ሞት ሲመጣ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን የኑዛዜ ያህል ደነገጠችበት። ደህና ነኝ ብዬ ምዬ ተገዝቼ አሳመንኋት። ስትስቅ ሰማኋት፤ ሳቋ መሐል ላይ ግን ተቆረጠ። «በሶው አለቀ እንዴ?» አለችኝ።

አላለቀም። ያለቀው የኛ ሰበብ ነው። ዛሬ ማታ ደውሉ። ፈተና ለወደቀው ታናሻችሁ፣ ለእናታችሁ፣ ለሸኛችሁ ሁሉ። ካርድ የሌለው ካለ ይምጣ፤ ከኔ ስልክ ይደውል።