እንዶድ ለቀንድ አውጣው እንጂ ለሆድህ አይደለም!

የዛሬው ደብዳቤ የደረሰን ከወደ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው። ጸሐፊው የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ ስሙን እንደ ልማዳችን ዘለነዋል። እንዲህ ይላል፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ ዋና ሱሴ ነው። ሰሞኑን ግን ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ሰገራዬም ደም ይቀላቅላል። አንድ ጓደኛዬ ‹ይሄ ቢልሃርዚያ ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ መድኃኒቱን ከእንዶድ አግኝተውልህ የለ? በጥብጠህ ጠጣ!› አለኝ። እናቴ ልብስ የምታጥብበት እንዶድ ቤታችን ሞልቷል። ልጠጣው ወይ?»

ወንድሜ፣ እንዳትጠጣው! ጓደኛህ የታሪኩን ግማሽ ነው የሰማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከፍ ብሎ ያሉት ግን ደህና ነበሩ። እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡበት ፍሬ ወደ ላቦራቶሪ የገባው ያኔ ነው። ዓመታት ከፈጀ ምርምር በኋላም በ1989 ከዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ልብ በል! የሞተው ቀንድ አውጣው ነው እንጂ ሰው ሆድ ያለው ትል አይደለም። የትሉ እንቁላል ከሰው ሰገራ ጋር ውኃ ውስጥ ይገባና ይፈለፈላል፤ ከዚያ ቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል። ተመልሶ ሲወጣ ደሞ የሚዋኘውን፣ ልብስ የሚያጥበውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንዶድ ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው ውኃው ውስጥ ነው። ከጠጣኸው ግን መርዝ ነው! ጽንስ ለማስወረድ ብለው የሚጠጡት እህቶቻችንም በሕይወታቸው እየቆመሩ ነው። «እንግዲያው ሐይቁ ውስጥ ልድፋው» እንዳትል ደሞ፤ ዓሣም ይገድላል፣ የስንቱ እንጀራ ያለው እዚያ ነው።

ጓደኛህ በአንድ ነገር ግን ላይሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቢልሃርዚያ ሐይቅ ከተማ ውስጥ መኖሩን አረጋግጧል። ይሁንና ደም የቀላቀለ ሰገራ ሁሉ ቢልሃርዚያ አይደለም፤ አሜባም ሌላም ሊሆን ይችላል። በግምት አይታከምም።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትል ጤና ጣቢያ ሂድና ሰገራህን አስመርምር። ሲመረምሩህ አትፈር፤ ውኃ ውስጥ እንደምትዋኝ ንገራቸው። ቢልሃርዚያ ከሆነ ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን አለ፤ በክብደትህ ልክ ተመጥኖ ይሰጥሃል። ችላ ካልከው ግን ትሉ ዓመታት ተቀምጦ ጉበትህን ይጎዳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ኪኒኑ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ አዲሱን አይከለክልም። ታክመህ እዚያው ውኃ ውስጥ ከተመለስክ በሽታውም ይመለሳል። ጓደኞችህም ውኃ ዳር መጸዳዳቱን ይተዉ፤ ያለ እሱ ቀንድ አውጣው ብቻውን ማንንም አያሳምምም።

ውጤቱን ጻፍልን። እስከ ሳምንት ቸር ያሰማን!