«እረኛ ምን አለ?» ወይስ «ማነው ያለው?»

አምባ ጊዮርጊስ የወጣ ሰው የወገራን ብርድ ያውቀዋል። ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ጋቢ የማይወልቅባት ከተማ ናት። ባለፈው ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ ከአንድ የልጅነት ባልንጀራዬ ጋር ጠላ ቤት ገባን። ባልንጀራዬ ዛሬ ሩቅ አገር በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠራው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ጨዋታችን ሲደራ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ።

ወረቀቱ «የሠራተኞች የእርካታ መለኪያ መጠይቅ» ይላል። ከሥሩ በደማቁ «ሚስጥራዊነቱ የተጠበቀ ነው፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም» የሚል ሰፍሯል። ደግ ነው! ወረድ ሲሉ ግን የትምህርት ክፍል፣ ጾታ፣ ማዕረግ፣ የትውልድ ዘመን፣ የአገልግሎት ዘመን እያለ ይጠይቃል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ሞልተው ለቅርብ ኃላፊዎ ያስረክቡ» ይላል።

«ወንድምዓለም» አለኝ፣ «ክፍላችን ውስጥ ያለነው 9 ነን። 12 ዓመት ያገለገልሁ እኔ ብቻ ነኝ። ከዚህ ወዲያ ስሜ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ታዲያ ምን ብለህ ሞላህ?»

«‹በጣም ረክቻለሁ› ብዬ ነዋ! ልጆች አሉኝ'ኮ!»

ሳቅን። ሳቁ ግን ከጉሮሮ አልወረደም። እንግዲህ ያ ዩኒቨርሲቲ ወረቀቱን ደምሮ፣ በመቶኛ አስልቶ፣ «ሠራተኞቻችን ረክተዋል» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱን የሚያዘጋጁትም የሚያነቡትም የተማሩ ሰዎች ናቸው። ማን ማንን ነው የሚያታልለው?

አንባቢ ሆይ! የሰውን የልብ ትርታ በሚስጥር መጠየቅ ከፈረንጅ የመጣ ፈሊጥ እንዳይመስልህ። የጥንት ገዢዎች «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እረኛ በሜዳ የሚያዜመው የአገሩን ብሶት ነው። ማን እንደገጠመው አይታወቅ፤ ከየት ተራራ እንደመጣም አይታወቅ። ብልኅ ገዢ ግጥሙን ይሰማል እንጂ እረኛውን አያሳድድም። «ምን አለ?» እንጂ «ማነው ያለው?» ብሎ አይጠይቅም። የዛሬው መጠይቅ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ በጀርባው አዝሎ ነው የሚመጣው።

ሠራተኛው ይህን ያህል ለምን ፈራ? እንዲያው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። በደርግ ጊዜ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ነበር። በኢሕአዴግ ዘመን «ግምገማ» መጣ። ስብሰባ ተጠርቶ «በነፃነት ተናገሩ» ይባላል፤ የተናገረ ስሙ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ከዩኒቨርሲቲ ቅጥርም የማይረሳ ነገር አለ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ጥይት ጠበቃቸው። በዚያው ዓመት ከ40 የማያንሱ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከሥራቸው ተባረሩ። ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። ያን ያየ መምህር ለተማሪው፣ ተማሪውም ለተማሪው «አፍህን ያዝ» ብሎ አስተላለፈ። እንዲህ ያለ ፍርሃት «ሚስጥራዊ ነው» በሚል አንድ መስመር አይለቅም።

የሚገርመው ሌላው ነገር፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሚስጥር መጠበቅ የማይችሉ ቢሆኑ ኖሮ ባልከፋ ነበር። በሚገባ ይችሉበታል! ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ጎንደርን እንይ። በ1940ዎቹ የደምቢያ ወባ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ቀጥላ ባለችው ዳባት ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከ1980ዎቹ መጨረሻ አንስቶ ቤት ለቤት የልደትና የሞት መረጃ የሚሰበሰብበት የጥናት ማዕከል አቋቁሟል። በዚህ ዓይነት ጥናት ገበሬው ለምን እንደሚጠየቅ ይነገረዋል፣ ፈቃዱ ይጠየቃል፣ ባይፈልግ «አልመልስም» ማለት መብቱ ነው። ስሙ በቁጥር ይተካል። ጥናቱንም አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል።

ታዲያ በየዩኒቨርሲቲው ለገበሬው የሚደረገው ጥንቃቄ ለመምህሩ፣ ለጥበቃው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያው ሲሆን ለምን ይረሳል?

ስም ማስቀረት ብቻውን እንደማይበቃም ዓለም ካወቀ ቆይቷል። ላታንያ ስዊኒ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት የልደት ቀን፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር ብቻ ተይዞ 87 በመቶ የሚሆነውን አሜሪካዊ ነጥሎ ማወቅ እንደሚቻል አሳይታለች። ያን ያህል ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ ሰው ከተለየ፣ 9 ሰው ባለበት የትምህርት ክፍል ውስጥ የት ይደበቃል?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወረቀቱን አለቃ አይሰብስበው፤ ከአለቃው የማይታዘዝ ወገን ይሰብስበው። ሳጥኑ እንደ ደብር ሙዳየ ምጽዋት የተለያዩ ሰዎች በያዟቸው ቁልፎች ይከፈት፤ አንዱ ቁልፍ በሠራተኛው ተመራጭ እጅ ይሁን። የማያስፈልግ ጥያቄ ይውጣ፤ የትውልድ ዘመን ለእርካታ ምን ይሠራል? ከ10 ሰው ያነሰ ክፍል ውጤቱ ለብቻው አይውጣ፤ ከሌላው ጋር ይደመር። በእጅ የተጻፈ አስተያየትም የእጅ ጽሑፉ እንዳይታወቅ በሌላ ሰው ተተይቦ ይቅረብ። ከሁሉ በላይ ውጤቱ፣ መራራም ቢሆን፣ ለጠየቁት ሠራተኞች ይነገር፤ ምን እንደሚታረምም ቀን ተቆርጦለት ይለጠፍ። ተናግሮ መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 አለ፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጠፋው ሕግ ሳይሆን የሚያከብረው ልብ ነው።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ወረቀት?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ለአንድ ወረቀት! በሚስጥር ያልተሰማ ብሶት አንድ ቀን በአደባባይ ይሰማልና። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አላኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ አየን። መልሱ ምን ነበር? ማስፈራሪያና እስር! ብሶቱ የዚያን ዕለት የተወለደ አልነበረም። ቀድሞ የጠየቀና መልሱን ከልቡ የሰማ ቢኖር፣ ሕመምተኛውም ባልተንገላታ፣ ሐኪሙም ጣቢያ ባላደረ ነበር።

እኔ በየጋዜጣው እየጻፍሁ የምኖር ሰው ነኝ። ያለኝ ሀብት የሰዎች እምነት ነው። ዛሬ የነገረኝን ሰው አሳልፌ ብሰጥ፣ ነገ ማን በሩን ይከፍትልኛል? የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትም ከእኔ አይለይም። አንድ ጊዜ ሚስጥር ካወጣ፣ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው «በጣም ረክቻለሁ» ብቻ ነው።

ባልንጀራዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ይሄ ትርፉ ነው፤ እውነቱን የሞላሁበት» አለኝ። ለማን ሊሰጠው እንደሆነ ጠየቅሁት። ዝም አለ።

ያ በኪስ ያለ ወረቀት ነው ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የሚያድናቸው። ኃላፊዎች ሆይ፣ ከኪስ የሚወጣበትን መንገድ ሥሩለት! ልብ ያለው ልብ ይበል!