ያለ ጥፋቱ የተከሰሰ ማዕድ

በገጠር ልማት የሚሠራ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው አንድ ክስ አለ፤ ገበሬውን ያደኸየው ማኅበሩ፣ ዝክሩ፣ ድግሱና ቡናው ነው ይባላል። ክሱ በቀበሌ ስብሰባ ይነገራል፣ በሥልጠና ላይ ይሰማል፣ ለበዓል ወደ ወላጆቹ የሚሄድ የተማረ ልጅም ይደግመዋል። መነሻው ሐሰት አይደለም። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ በአንድ ወር ውስጥ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መድኃኔዓለምና በዓለ ወልድ ይውላሉ፤ እንደየደብሩ ይለያይ እንጂ በብዙዎቹ ሞፈር አይነሣም። ጠላው የሚጠመቀውም ከዚያው ከጎተራ ከወጣ ገብስ፣ ዳጉሳ ወይም በቆሎ ነው። የእህሉን ወጪ ደምሮና የሥራ ቀኑን ቀንሶ “ብክነት ነው” ለማለት ብዙ ስሌት አያስፈልግም። እኔ ግን ይህ ስሌት ግማሽ ነው እላለሁ። ከጎተራ የወጣውን ይቆጥራል፣ በማዕዱ በኩል ወደ ቤት የሚመለሰውን ግን አይቆጥርም። በግማሽ ስሌት ደግሞ የሰው ኑሮ ሊፈረድበት አይገባም።

የሚመለሰው ምንድን ነው? ከእርሻው እንጀምር። በደጋው አገር የአንድ ቤተሰብ አማካይ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ነው፤ ጥማድ በሬ ያልተሟላለት ቤትም ብዙ ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ፣ ተራ ገብቶ ያርሳል። ጭራሽ የሌለው ጉልበቱን ሰጥቶ በሬ ያገኛል፣ ካልሆነለትም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት ደጋግሞ መታረስ አለበት፤ ዝናቡ ግን የሰዎቹን ተራ አይጠብቅም። ሌሊቱን ዘንቦ ሲነጋ ከሁለቱ ማሳ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፤ የዘገየው ሰው ምርት ሊቀንስበት ይችላል። ይህ ስምምነት በወረቀት አይሰፍርም፣ ቢፈርስም ለፍርድ ቤት የሚበቃ ማስረጃ የለውም። ዋስትናው ሁለቱ ቤቶች በአንድ መሶብ ዙሪያ መቀመጣቸው፣ የአንዱ ልጅ በሌላው ቤት ሳይጠራ ገብቶ መብላቱ፣ ሴቶቹ ጠዋት ማታ ቡና መጠራራታቸው ነው። ከአቦል እስከ በረካ በሚዘልቀው ጊዜ ውስጥ የማን ላም እንደታመመች፣ የማን ዘር እንዳልበቀለ፣ ማን ቅር እንዳለው ይታወቃል። በቡናው የቀረች ጎረቤት ምን ሆና እንደሆነ ያኔውኑ ትጠየቃለች። ቂሙ ሥር ሳይሰድ የሚደረስበት፣ መቀናጆውም ሳይፈርስ የሚጠገነው እዚያ ላይ ነው።

ወንፈልና ደቦም የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። ወንፈል ቀን በቀን የሚመለስ ጉልበት ነው፤ ዛሬ ለእኔ ላጨደ ነገ እኔ አጭድለታለሁ። ደቦ ሰፋ ይላል፤ ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል፣ መንደሩ ወጥቶ በአንድ ቀን የሳምንት ሥራ ይጨርስለታል። እዚህ ላይ እውነቱን ሳልሸፍን ልናገር። ትልቅ ደቦ የሚጠራው እንጀራና ጠላ የሚችል ሰው ነውና ደቦ ከድሃው ይልቅ ለባለጸጋው ያደላል። ነገር ግን ይኸው መንደር ለባልቴቲቱ፣ ለታመመው፣ ልጅ ላልደረሰለት ሽማግሌ በጥሬና በንፍሮም ይወጣል። በገንዘብ ሠራተኛ መቅጠር የማይችል ሰው የደረሰ እህሉን ከበረዶና ካለጊዜው ከመጣ ዝናብ የሚያድንበት ሌላ መንገድ አልተሰጠውም። ማዕዱን ቀንስ የሚሉት ሰዎች በምትኩ ምን እንደሚያቀርቡለት ሲናገሩ አልሰማሁም።

የጽዋ ማኅበርን እንይ፤ ክሱ ከሁሉም ይልቅ የሚበረታው በእርሱ ላይ ነውና። ዐሥራ ሁለት አባላት ያሉት ማኅበር በወር አንድ ጊዜ በአንድ አባል ቤት ይሰበሰባል። አባሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይደግሳል፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ በሌሎች ቤት ይበላል። ስለዚህ እህሉ ከመንደሩ አልወጣም፤ ቤት ለቤት ዞሮ ከሞላ ጎደል በመጣበት መጠን ተመልሷል። በዚህ ዑደት ላይ ግን የተገዛ ነገር አለ። ማኅበርተኛ እንደ ዘመድ ነው፤ ሲሞትበት ይቀበርለታል፣ ሲቸግረው ይጠየቃል። የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ መጠጣት አይገባቸውም፤ የማኅበሩ መሪ የሆነው ሙሴና ካህኑ ይህን አይተው እንዳላዩ አያልፉም። የድንበር ጠብ፣ የውኃ ተራ ጠብ፣ ከብት ማሳ ገባ የሚል ጠብ በየወሩ እንዲህ ባለ ወንፊት ውስጥ ያልፋል። የወረዳ ፍርድ ቤት ሩቅ ነው፣ ቀጠሮውም ብዙ ነው፤ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ትንሽ የመሰለ የድንበር ጠብ ወደ ደም አድጎ ሁለት ቤተሰብ ሲያፈርስ ይታያል። በአንድ ወር ጠላ የቀረ አንድ ደም ስንት ኩንታል እህል ያወጣል ተብሎ በልማት ሪፖርት ላይ አይጻፍም፤ መጻፍ ግን ነበረበት።

ይህ ሥርዓት የአንድ ሃይማኖት ብቻም አይደለም። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ ግን በሠርግም በሐዘንም አይለያዩም። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል፣ ወጡ በሌላ ድስት ይሠራል፣ ዕቃውም ይለያል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ከባድ ድካም ነው፣ ወጪውም እጥፍ ነው። ስሌት የሚሠራ ባለሙያ ሁለተኛውን ድስት ብክነት ሊለው ይችላል። እኔ የዚያ አገር ሰላም ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱ ያ ሁለተኛ ድስት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ የተማረ ተቃውሞ አለ። ሶሲዮሎጂስቱ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው “ዋክስ ኤንድ ጎልድ” በተባለ መጽሐፉ የአማራ ገበሬ ግለኛ እንደሆነና ለጋራ ሥራ ያለው ዝንባሌ ደካማ እንደሆነ ጽፏል። ይህን የሚከተል ሰው “ማኅበሩና ድግሱ ትብብርን አልፈጠረም፣ ታዲያ ምን ይጠቅማል?” ሊል ይችላል። ሌቪን ያየው ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ጎተራ፣ ለብቻው ማሳ፣ ለብቻው ክብር አለው፤ ወንድም ከወንድሙ በርስት ሲካሰስ ኖሯል። መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ማዕዱ ያስፈለገው ሰዎቹ የተለያዩ በመሆናቸው ነው፤ ሁሉ ነገር የጋራ ቢሆን ኖሮ በየወሩ መጠራራት ባላስፈለገ። ደግሞም የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው እስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ቀብር መድን ባወጡት ጥናት የገጠር እድሮች ደንብ፣ የአባልነት መዝገብና መዋጮ ያላቸው የታወቁ ተቋማት መሆናቸውን አሳይተዋል። ለጋራ ሥራ የማይመች ሕዝብ እንዲህ ያለ ነገር አቁሞ በትውልድ ላይ አያኖርም።

ድህነቱስ ከየት መጣ? እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶ ወይም እኩል ለባለመሬት ይሰጥ ነበር፤ የየካቲት 25ቱ የመሬት አዋጅ ይህን አነሣ፣ መሬቱ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተከፋፈለ አነሰ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን መርምረው በጻፉት መጽሐፍ ገበሬው ለረኃብ የተጋለጠው ጥሪቱን በሚያሟጥጥበት ሥርዓት ምክንያት እንደሆነ አስረድተዋል። የ1965 እና 1966ቱ የወሎ ረኃብ ከድግስ አልመጣም። ክፉ ቀን ሲመጣ ገበሬው መጀመሪያ የሚያስቀረው ድግሱን ነው፤ ሠርግ ይተላለፋል፣ የማኅበሩ ጠላ ወደ ቂጣና ውኃ ይወርዳል፣ ማኅበሩ ግን አይፈርስም። በዓላቱም ቢሆኑ የተባለውን ያህል ሥራ ፈት ቀናት አይደሉም። እርሻና አጨዳ ይቆማል እንጂ ከብት ይጠበቃል፣ ገበያ ይወጣል፣ ሽምግልና ይቀመጣል። ቀበሌው ራሱ ብዙ ጊዜ ሕዝቡን ለስብሰባ የሚጠራው በበዓል ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነው።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ልመልስ፤ በእኔ እምነት በማዕዱ ላይ ሊቀርብ የሚገባው እውነተኛ ክስ እርሱ ነውና። ማዕዱ የቆመው በሴቶች ድካም ላይ ነው። አንድ የጠላ ድግስ ለማድረስ ብቅል ማብቀል፣ ጌሾ መውቀጥ፣ አሻሮ መቁላት፣ ጋን ማጠንና መጥመቅ ያስፈልጋል፤ ከሳምንት የበለጠ ሥራ ነው። በዚያ ላይ እንጀራው፣ ወጡ፣ ማገዶ ለቀማው፣ ውኃ መቅዳቱ ይጨመራል፤ ወፍጮ ሩቅ ከሆነ እህሉ በጀርባ ይሄዳል። ወንዱ በማኅበሩ ተቀምጦ ይመረቃል፣ እርሷ ጓዳ ናት። ከላይ እህሉ ዞሮ ይመለሳል ያልኩት ትክክል ነው፤ የእርሷ ጉልበት ግን እንዲሁ አይመለስም። ጎረቤቶቿ መጥተው ሲያግዟት ይቀላል እንጂ አይጠፋም፤ እርሷም በተራዋ ትሄድላቸዋለች። ይህን ሳያነሡ ስለ አብሮ መብላት ውበት የሚጽፉ ሰዎች ከከሳሾቹ ያላነሰ ያሳዝኑኛል፤ የሚያወድሱት ማዕድ በማን እጅ እንደቀረበ አልጠየቁም። ክሱን የሚያቀርቡት ባለሙያዎችም ስለ እህሉና ስለ ሥራ ቀኑ ሲናገሩ የሚስቲቱን ሌሊት አይቆጥሩም።

ተዝካርም ለብቻው ይታይ። በተዝካር ምክንያት በሬ የሸጠ፣ በአራጣ የተበደረ ቤት እንዳለ አልክድም፤ ይህ መቆም አለበት። ነገር ግን ይህ ከማኅበሩ የተለየ ነገር ነው። ማኅበሩ በተራ የሚዞር ነው፣ መጠኑም ይታወቃል፤ ብዙ ማኅበሮች ማንም ከማንም እንዳይበልጥ የሚቀርበውን ነገር በደንብ ይወስናሉ። የሚያደኸየው ተዝካር መጠን የለውም፤ የሚለካው የሟቹ ልጆች በሚፈሩት የሰው አፍ ነው። ፍርሃቱን ማንሣት የሚችለውም ያው የሚፈራው ጎረቤት ነው። በእድሩና በማኅበሩ ደንብ “ከዚህ በላይ አይደገስም” ተብሎ ሲወሰን ልጁ ሳያፍር ይቀንሳል፤ ከወረዳ መጥቶ የሚነገረው ክልከላ ግን ሰሚ የለውም፣ ምክንያቱም በሐዘኑ ቀን ከልጁ ጎን የሚቀመጠው የወረዳው ሰው አይደለም። ከላይ የመጣ ትእዛዝ እንደማይሠራ በሌላም ታይቷል። ደርግ በመንደር ምሥረታ ሰውን ከነበረበት አንሥቶ በመስመር አሰፈረ፤ ኋላም አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት ገበሬውን በቁጥር ሰበሰበ። ሁለቱም የተመሠረቱት ሰዎቹ አብረው ከሚበሉበት ዝምድና ውጭ ነበር፤ ማኅበርተኞች የሚተማመኑትን ያህል ሰዎቹን ሊያስተማምኑ አልቻሉም።

ስለዚህ ለግብርና ባለሙያውና ለቀበሌው አመራር የምለው ይህ ነው። ማኅበሩን ተዉት። የተዝካሩን ልክ እድርተኛው ራሱ ይወስን፤ ሲወስን ግን ሴቶቹ ከጓዳ ወጥተው ድምፅ ይስጡ፣ ጠላው በዳቦና በቡና ይተካ ካሉም ይሰሙ። የመንግሥት ድርሻ ሌላ ነው፤ ወፍጮ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ። በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ገበሬው ድግስ ከመናገራችሁ በፊት ወፍጮ ቤቱ ከመንደሩ የስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ ሴቶቹን ጠይቁ፤ በዕቅዳችሁም መጀመሪያ እርሱን ጻፉ።